የባሌስትራ ብረት እንዲጠነክርም እንዳይሰበርም፦ የማጋል፣ የመንከርና የቴምፐር አሠራር

አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ ይመጣብኛል። አንዳንዱ ደውሎ ይጠይቀኛል፤ አንዳንዱ የተሰበረውን ብረት ይዞ ይመጣል። ነገሩ ግን ያው ነው። «ከባሌስትራ ቆርጬ ዶማ ሠራሁ። አግዬ ውሃ ውስጥ ነከርኩት። ሞረድ እንኳ አልነካው አለ። አፈር ላይ ጥሩ ነበር፤ ድንጋይ ሲያገኝ ግን ለሁለት ተሰበረ። ብረቱ መጥፎ ነው?»

ብረቱ ደህና ነው። የተሰበረው ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ስለቆመ ነው። ማጋልና መንከር ብረቱን ያጠነክሩታል። ምት እንዲችል የሚያደርገው ግን ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ሙቀት፣ ቴምፐር የሚባለው፣ ነው፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እሱን ነው።

ይህ መመሪያ ከ6 እስከ 12 ሚሊሜትር ውፍረት ላለው የባሌስትራ ብረት ነው። ዶማ፣ መጥረቢያ፣ ማረሻ ወይም ቢላዋ ለምትሠሩ ይሆናል። መኪና ላይ መልሶ ለሚገጠም ባሌስትራ ግን አይሆንም። ፋብሪካ ለመኪና ባሌስትራ ሙቀቱን በመሣሪያ ይቆጣጠራል፤ ፊቱንም በትናንሽ የብረት ጥይቶች ደብድቦ ስንጥቅ እንዳይጀምርበት ያደርገዋል። ይህን በከሰል ምድጃ መተካት አይቻልም። የሰው ሕይወት የተሸከመ መኪና ሥር በቤት በሙቀት የታከመ ወይም የተበየደ ባሌስትራ አታስገቡ።

መጀመሪያ ሁለቱን ነገር እንለይ

ጥንካሬ ስል ብረቱ ሳይጎብጥና ሳይበላ የሚችለውን ጭነት ማለቴ ነው። ቻይነት ስል ደግሞ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ሳይሰበር መዋጡን ነው። አንዱ ሲጨምር ሌላው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የእኛ ሥራ ለዕቃው የሚስማማውን ሚዛን መምረጥ ነው።

ቁጥሩን እንየው። በዓለም ላይ ብዙ ባሌስትራ ከሚሠራባቸው ብረቶች አንዱ 5160 የሚባለው ነው። ካርቦኑ 0.6 በመቶ ገደማ ነው፤ ማንጋኒዝና ክሮሚየምም አለው። ይህ ብረት ተግሎ በዝግታ ሲቀዘቅዝ ለመበጠስ 720 ሜጋፓስካል ገደማ ይበቃዋል። ዘይት ውስጥ ተነክሮ በ205 ዲግሪ ቴምፐር ሲደረግ ወደ 2,200 ይደርሳል። ግን ከመበጠሱ በፊት የሚለጠጠው 4 በመቶ ብቻ ነው። በ425 ዲግሪ ቴምፐር ሲደረግ ጥንካሬው ወደ 1,600 ይወርዳል፤ የመለጠጥ አቅሙ ግን ወደ 10 በመቶ ያድጋል። 1,600 ሜጋፓስካል ማለት በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 160 ኪሎ ገደማ መሸከም ነው። ለዶማ ከበቂም በላይ ነው።

ውስጡ የሚሆነው ይህ ነው። ብረቱ ከ730 ዲግሪ ገደማ ሲያልፍ የውስጥ አደረጃጀቱ ይለወጥና ካርቦኑ ይሟሟበታል። በፍጥነት ከቀዘቀዘ ካርቦኑ መውጫ አጥቶ ውስጥ ይታሰራል። ይህ የታሰረበት ሁኔታ ማርቴንሳይት ይባላል፤ እጅግ ጠንካራ ነው፣ ግን ውስጡ በውጥረት የተሞላ ነው። መልሳችሁ ስታሞቁት ከታሰረው ካርቦን የተወሰነው ይወጣል፣ ውጥረቱም ይረግባል። ቴምፐር የሚባለው ይኸው ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እነዚህን ሁለት ለውጦች በልክ ለማድረግ ነው።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- የባሌስትራ ቁራጭ። ከዚያው ከአንዱ ቅጠል ላይ 10 ሴንቲሜትር ርዝመትና 2 ሴንቲሜትር ስፋት ያላቸው አራት ናሙናዎችም ቁረጡ
- የከሰል ምድጃ ከወናፍ ወይም ከብሎወር ጋር
- ዕቃው ውስጡ የሚገባበት ወፍራም የብረት ቱቦ (ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተቀባ፣ ያልሆነ)
- ረጅም እጀታ ያለው ጉጠት
- ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት፣ በሽቦ የታሰረ
- ፈሳሽ የምግብ ዘይት፣ ለ1 ኪሎ ብረት 10 ሊትር ያህል
- ዘይቱን የሚይዝ ጠለቅ ያለ የብረት ዕቃ፣ ከነብረት ክዳኑ
- ያልደነዘ ሞረድ
- ሞርሳና መዶሻ፣ ግራይንደር
- ደረቅ አሸዋ የሞላ የብረት ትሪ
- ከ250 ዲግሪ በታች ለመሥራት የኤሌክትሪክ ኦቨንና የኦቨን ቴርሞሜትር
- ከ400 ዲግሪ በላይ ለመሥራት ትንሽ የዚንክ ቁራጭ (ከየት እንደሚገኝ 8ኛው ላይ አለ)
- ላምባ፣ ጨርቅና ጠመኔ
- የዓይን መነጽር፣ የቆዳ ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የተሸፈነ ጫማ
- አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ለእሳት ማጥፊያ

የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንደሚበቃ የሚነግራችሁ ብዙ ነው። ብረቱን ማጠንከሩስ ያጠነክረዋል። ጭሱ ግን ከሞተሩ የተፋቀ ብረትና የተቃጠለ ኬሚካል ይዞ ይወጣል፤ የምትተነፍሱት እሱን ነው። የምግብ ዘይት ይሻላል። የሚረጋው ዘይት ጠዋት ጠዋት ስለሚጋገር ከመሥራታችሁ በፊት ቀልጦ መሞቅ አለበት፤ ፈሳሹን ብትጠቀሙ ይቀላችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚከበሩ ማስጠንቀቂያዎች

ዘይቱ ውስጥ ውሃ አይግባ። ዘይቱ ሥር የተኛ ትንሽ ውሃ የጋለ ብረት ሲያገኘው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ የሚነደውን ዘይት ከዕቃው አውጥቶ ይረጨዋል። ዕቃው ከውስጥ የደረቀ መሆኑን በጨርቅ አረጋግጡ። የዘይት እሳት ላይም ውሃ አይደፋም፤ ክዳኑን ግጠሙበት ወይም አሸዋ ድፉበት።

ናይለንና ፖሊስተር አትልበሱ። ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥ ልበሱ።

ሥራውን ደጅ ወይም ነፋስ የሚያስተላልፍ ጥላ ሥር ሥሩ። ዝግ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ይገድላል። ዚንክ የተቀባ ብረትም ምድጃ ውስጥ አታስገቡ፤ የሚወጣው ነጭ ጭስ ያሳምማል።

ልጆች በአካባቢው አይኑሩ። 400 ዲግሪ ያለው ብረት ከቀዝቃዛው በዓይን አይለይም።

አሠራር

1. ብረቱን ለዩት

ሁሉም ብረት በሙቀት አይጠነክርም። ለበርና ለመስኮት የምንጠቀምበት ጥቁር ላሜራ ካርቦኑ አነስተኛ ስለሆነ አግላችሁ ብትነክሩትም ለዚህ ሥራ የሚሆን ጥንካሬ አታገኙበትም። የሎደርና የገልባጭ መኪና ሳጥን የሚለበጥበት ጠንካራ ላሜራ ደግሞ ከፋብሪካ ታክሞ የመጣ ነው። ከ250 ዲግሪ በላይ ካሞቃችሁት ያለውን ጥንካሬ ያጣል።

ለመለየት ግራይንደር ላይ አስነኩትና ፍንጣሪውን እዩ። የጥቁር ላሜራ ፍንጣሪ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ጫፉ ላይ ብዙ አይበታተንም። የባሌስትራ ፍንጣሪ አጠር ይልና እየፈነዳ ብዙ ቅርንጫፍ ያወጣል። የታወቀ ላሜራና የታወቀ ባሌስትራ ጎን ለጎን አስነክታችሁ ዓይናችሁን አለማምዱ። የመጨረሻውን ፍርድ ግን ናሙናው ይሰጣል።

2. ስንጥቅ ፈልጉ

ያገለገለ ባሌስትራ ብዙ ሺህ ጊዜ ታጥፎ ተመልሷል። በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል፤ በተለይ በመሃል ቡሎኑ ቀዳዳ ዙሪያና ቅጠል ከቅጠል በሚፋተግበት ጫፍ ላይ። ስንጥቅ ያለበትን ብረት ብትነክሩት እዚያው ይከፈታል፤ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

ዝገቱን አጽዱና ላምባ ቀቡት። ሩብ ሰዓት ያህል አቆዩት። ከዚያ ፊቱን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርጋችሁ አድርቁና የተፈጨ ጠመኔ በስሱ ነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ይወጣል። ነጩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ታያላችሁ። መስመር ያለበትን ክፍል ቁረጡና ጣሉ። የቀዳዳውን አካባቢ እኔ ስንጥቅ ባይታይበትም አልጠቀምበትም።

3. ቅርጹን አስቀድማችሁ ጨርሱ

መቁረጥ፣ መብሳት፣ መሞረድ ከመንከር በፊት ያልቃል። ከነከራችሁ በኋላ ድሪል አይበሳውም።

ብረቱ ከመኪናው እንደወጣ በፋብሪካ ሙቀት ጠንክሯል፤ ስለዚህ ለመብሳት ካስቸገረ አግላችሁ ደረቅ አመድ ውስጥ ቅበሩትና እስከ ማግስቱ ተዉት። አመዱ ሙቀቱን በዝግታ ስለሚለቅ ብረቱ ይለሰልሳል።

ስል ማዕዘን ሁሉ ይደብ። የቀዳዳ አፍ ይሞረድ። የግራይንደር ጭረት በስለቱ አቅጣጫ ይለስልስ። ብረቱ ሲነከር ይኮማተራል፣ ይለጠጣል፤ ያ ውጥረት የሚሰበሰበው ስል ማዕዘንና ጥልቅ ጭረት ላይ ነው። የሚሰነጠቅ ብረት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይጀምራል። ስለቱንም ሙሉ ለሙሉ አታሹሉት። ቢያንስ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ተዉለት፤ የቀጠነ ስለት ቶሎ ይቃጠላል፣ ሲነከርም ይጣመማል።

4. ናሙናዎቹን ነክራችሁ ስበሩ

ይህ ደረጃ አሰልቺ ይመስላል፣ ሰውም ይዘለዋል። እኔ ግን ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ያዙ ብባል ይህን ነበር የምመርጠው። ምክንያቱም ባሌስትራው ላይ የብረቱ ዓይነት ብዙ ጊዜ አይጻፍም፤ የጃፓን፣ የቻይናና የአውሮፓ ባሌስትራ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። የእናንተ ብረት ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈልግ ራሱ ብረቱ ይነግራችኋል።

አራተኛውን ናሙና ከዋናው ዕቃ ጋር አብራችሁ ለማጋል፣ ለመንከርና ቴምፐር ለማድረግ አስቀምጡት። ሦስቱን ናሙናዎች በተለያየ ሙቀት አግላችሁ ዘይት ውስጥ ንከሩ (የማጋልና የመንከር ዘዴው 6ኛና 7ኛው ላይ አለ)፦

- የመጀመሪያውን ማግኔት መሳብ ከማቆሙ በፊት፣ ገና ደብዛዛ ቀይ ሳለ
- ሁለተኛውን ማግኔት መሳብ ካቆመ በኋላ ትንሽ ደመቅ እስኪል አቆይታችሁ
- ሦስተኛውን ሆን ብላችሁ አሳልፋችሁ፣ ወደ ቢጫ እስኪሄድ

ከቀዘቀዙ በኋላ አንድ በአንድ ሞርሳ ላይ እሰሯቸው። የሚወጣውን ጫፍ በወፍራም ጨርቅ ሸፍኑና በመዶሻ ምቱ። መነጽር ግድ ነው፤ ቴምፐር ያልተደረገ ጠንካራ ብረት ሲሰበር ቁራጩ እንደ ጥይት ይወረወራል።

አሁን የተሰበረውን ፊት ብርሃን ላይ አዙራችሁ እዩ። የመጀመሪያው ምናልባት ይጎብጥ ይሆናል እንጂ አይሰበርም፤ ሙቀቱ ስላልበቃው አልጠነከረም። ሁለተኛው በንጽህና ይሰበራል። ፊቱ ግራጫ፣ ደቃቅ፣ ልስልስ ያለ ነው፤ እህሉ፣ ማለትም ብረቱ የተገነባበት ጥቃቅን ቅንጣት፣ በዓይን አይለይም። ሦስተኛው ስብራት ላይ ግን እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ ሻካራ እህል ታያላችሁ። ሙቀቱ ሲበዛ የብረቱ እህል ይተልቃል፤ ትልቅ እህል ያለው ብረት ቢጠነክርም ምት አይችልም። ቴምፐር ብታደርጉትም ያ ጉድለት አይጠፋም።

የሁለተኛውን ናሙና ቀለም በዓይናችሁ ያዙ። ለዋናው ዕቃ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ሦስቱንም ከመታችሁ በኋላ ሁለተኛው ላይ ሞረድ ሞክሩበት። ሞረዱ ከያዘውና ከላጠው ብረቱ በዘይት አይጠነክርም ማለት ነው፤ ሌላ ብረት ፈልጉ።

5. ኖርማላይዝ አድርጉ

ዋናውን ዕቃ 870 ዲግሪ ገደማ አግላችሁ በተረጋጋ አየር ውስጥ ይቀዝቅዝ። ውሃ የለም፣ ዘይት የለም፣ ቀዝቃዛ ሲሚንቶ ላይ ማስቀመጥም የለም። በሽቦ አንጠልጥሉት። ጥቁር ሲሆንና ማግኔት ሲስበው እንደገና አግሉት፣ እንደገና በአየር ይቀዝቅዝ። ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ትንሽ ዝቅ ባለ ሙቀት አድርጉት።

ይህ ደረጃ እህሉን ያደቅቃል፤ መዶሻና ግራይንደር የተዉትን የውስጥ ውጥረትም ያወጣል። ውጥረቱ ካልወጣ ብረቱ ሲነከር ይጣመማል። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ዕቃ ከሆነ ይህን ፈጽሞ አትዝለሉ።

6. ማጋል

ግባችሁ ከ830 እስከ 860 ዲግሪ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ማግኔቱ፣ ቀለሙና ናሙናው ይበቃሉ።

ጥላ ያለበት፣ ጨለም ያለ ቦታ ሥሩ። ፀሐይ ላይ የጋለ ብረት ጥቁር ይመስላል፤ ሰው ቀለም ፍለጋ እያሞቀ ያሳልፈዋል። ያለ በቂ ምክንያት የሚቃጠለው ብረት አብዛኛው በዚህ ነው።

ቱቦውን ከሰሉ መሃል አስገቡና ዕቃውን ቱቦው ውስጥ አድርጉ። ቱቦው ሁለት ነገር ያደርጋል። ሙቀቱን እኩል ያከፋፍላል፤ የብሎወሩ ንፋስም ብረቱን በቀጥታ እንዳያገኘው ይከላከላል። ንፋስ ያገኘው የጋለ ብረት ከፊቱ ላይ ካርቦን ያጣል፤ ካርቦን ያጣ ፊት ደግሞ አይጠነክርም። ቱቦ ባይኖራችሁ ዕቃውን ወፍራም ፍም ውስጥ ቅበሩት፤ ከብሎወሩ አፍ አርቁት።

ንፋሱን ቀስ አድርጉ። ሲጋል ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፦ ቀይ ከሆነ በኋላ ብረቱ ውስጥ እንደ ጥላ ያለ ጠቆር ያለ ነገር ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ። የውስጡ አደረጃጀት እየተለወጠ ስለሆነ ሙቀት እየጠጣ ነው። ጥላው ጠፍቶ ቀለሙ እኩል ሲሆን ለውጡ አልቋል።

በዚያው ሰዓት አውጥታችሁ ማግኔቱን በሽቦው ይዛችሁ አስነኩት። ብረት 770 ዲግሪ ላይ በማግኔት መሳቡን ያቆማል። ካልሳበው ደርሷል፤ ግን ገና ከ60 እስከ 90 ዲግሪ ይቀረዋል። መልሱትና ናሙናው ላይ ያያችሁትን ደማቅ ቀይ፣ ወደ ብርቱካናማ ማድላት ሲጀምር ያለውን፣ እስኪይዝ አሙቁት። ቀለሙ ከዳር እስከ ዳር እኩል ሲሆን ለ10 ሚሊሜትር ውፍረት 5 ደቂቃ ያህል አቆዩት። ካርቦኑ ለመሟሟት ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ማቆየት ግን እህል ያተልቃል።

7. መንከር

ዘይቱ ቀዝቃዛ መሆን የለበትም። ከ50 እስከ 65 ዲግሪ አሙቁት፤ አንድ ሁለት የጋለ ቁርጥራጭ ብረት ብታስገቡበት ይሞቃል። ሞቅ ያለ ዘይት ይቀጥናል፣ ብረቱን ቶሎ ያገኘዋል። ቀዝቃዛ ዘይት ወፍራም ስለሆነ አጠንካሪነቱ ይቀንሳል።

ዕቃውን ከምድጃ አውጥታችሁ ሳትዘገዩ፣ በአንድ ትንፋሽ ዘይቱ ውስጥ ክተቱት። መንገዳችሁ ላይ የሚያደናቅፍ ነገር አይኑር። ስለቱ ወደ ታች ሆኖ ቀጥ ብሎ ይግባ፤ ሙሉ ለሙሉ ይስጠም። ጉጠታችሁ እንኳ ዘይቱ ውስጥ ይግባ እንጂ ዕቃው ግማሹ ውጭ አይቅር። ግማሹ ውጭ የቀረ ነው ዘይቱን የሚያቀጣጥለው።

ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወይም በስለቱ አቅጣጫ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱት። ጎን ለጎን አታማስሉበት፤ አንዱ ፊት ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ይጎብጣል። ማንቀሳቀሱ ያስፈለገው ብረቱን የከበበው የእንፋሎት ሽፋን እንዲገፈፍ ነው። ሽፋኑ ያልተገፈፈበት ቦታ ሳይጠነክር ይቀራል።

ጩኸቱ ጸጥ ካለ በኋላም ትንሽ አቆዩት። ስታወጡት እጅ በጓንት ሊይዘው የሚችል ሙቀት ይኑረው።

ለምን ውሃ አይሆንም? የባሌስትራ ብረት ክሮሚየምና ማንጋኒዝ ስላለው በዝግታ ሲቀዘቅዝም ይጠነክራል፤ ዘይት ይበቃዋል። ውሃ በጣም ስለሚፈጥንበት ውጩ ሲጠነክርና ውስጡ ሲከተል ይጓተታሉ፣ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ዶማው ድንጋይ ላይ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ ባልዲው ውስጥ ሳለ ተሰንጥቆ ስለነበር ነው።

ወዲያው በሞረድ ሞክሩት። ጥርሱ ሳይዝ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ከላጠው ግን አትቸኩሉ። ከላይ ያለው ቅርፊትና ካርቦን ያጣው ስስ ሽፋን ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ሞርዳችሁ እንደገና ሞክሩ። አሁንም ከላጠው ሙቀቱ አልበቃውም ነበር፤ ከ5ኛው ደረጃ ጀምራችሁ ድገሙት።

በዚህ ሰዓት ዕቃው እጅግ ተሰባሪ ነው። ቢወድቅ ሊሰበር ይችላል። አትምቱት፣ በመዶሻ ለማቅናትም አትሞክሩ።

8. ቴምፐር

ለነገ አታሳድሩት። ከዘይት ወጥቶ ለብ እንዳለ ወዲያው ቴምፐር ይግባ። ውጥረቱ ካልተፈታ ብረቱ ተቀምጦ ባለበት ሊሰነጠቅ ይችላል።

አስቀድማችሁ አንዱን ፊት በአሸዋ ወረቀት አንጽታችሁ አብሩት፤ ቀለሙን የምታዩበት ነው። የሙቀቱ መጠን እንደ ሥራው ይለያያል።

ለቢላዋና ምት ለማያርፍበት ስለት፦ ከ200 እስከ 220 ዲግሪ። የብረት ጥንካሬ በሚለካበት በሮክዌል ሲ ሚዛን 57 ወይም 58 ገደማ ይሆናል። የቤት ኦቨን ይበቃል። ቴርሞሜትሩን ከዕቃው አጠገብ አድርጉ፤ የኦቨኑ ቁልፍ ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። የነጻው ፊት ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል። ሁለት ሰዓት አቆዩት፣ በአየር ይቀዝቅዝ፣ ሌላ ሁለት ሰዓት ድገሙት።

ለዶማ፣ ለመጥረቢያ፣ ለማረሻ፣ ድንጋይና ጉቶ ለሚያገኝ ነገር ሁሉ፦ ከ420 እስከ 450 ዲግሪ። ሮክዌሉ ከ45 እስከ 48 ገደማ ይሆናል። ሞረድ በችግርም ቢሆን ይነካዋል፤ ስለዚህ ሜዳ ላይ ማሾል ትችላላችሁ።

መሃል ላይ ያለውን ተጠንቀቁ። ከ250 እስከ 370 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ብረቱ እየለሰለሰ ቢሄድም ቻይነቱ አይጨምርም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። በእህሉ ውስጥ ቀጫጭን የካርባይድ (የብረትና የካርቦን ውህድ) ሽፋኖች ስለሚፈጠሩ ነው። «ሰማያዊ ሲሆን አውጣው» የሚለው ምክር በየወርክሾፑ አለ። ሰማያዊ ማለት ግን 300 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ክልል መሃል ነው። ምት ለሚያርፍበት ዕቃ ሰማያዊ ላይ አትቁሙ። እለፉት።

ከ400 በላይ ቀለም አይረዳችሁም፤ ሰማያዊው ጠፍቶ ግራጫ ይሆናል። እዚህ ላይ ዚንክ ይጠቅማል። ዚንክ የሚቀልጠው 420 ዲግሪ ላይ ነው። የሬዲዮና የእጅ ባትሪ የሚሠራበት ርካሽ ትልቁ የባትሪ ድንጋይ ቆርቆሮው ዚንክ ነው። «አልካላይን» የተባለው አይሆንም፤ የእሱ ቆርቆሮ ብረት ነው። ያለቀ ድንጋይ በጓንት ክፈቱ፣ ጥቁሩን አውጥታችሁ አስወግዱ፣ ቆርቆሮውን አጥባችሁ አድርቁና የጤፍ ቅንጣት ሳይሆን የስንዴ ፍሬ የሚያህል ቁራጭ ቁረጡ።

አሸዋ የሞላውን ትሪ ፍም ላይ ጣዱ። ዕቃውን ግማሽ ድረስ አሸዋው ውስጥ ቅበሩትና የዚንኩን ቁራጭ ፊቱ ላይ አስቀምጡ። አሸዋው ሙቀቱን ስለሚያከፋፍል አንዱ ጫፍ አይቀድምም። ቁራጩ ተሰብስቦ እንደ ብር ጠብታ ሲንከባለል 420 ደርሷል። አሁን ንፋሱን ቀንሱ። ጠብታው ከረጋ ሙቀቱ ወርዷል፤ ትንሽ ጨምሩ። ጨለማ ውስጥ ብረቱ ደብዛዛ ቀይ መምሰል ከጀመረ ደግሞ 500 አልፏል፤ ወዲያው ከፍሙ አንሱት። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ወደ ዚንኩ ተጠግታችሁ፣ አንድ ሰዓት ያዙት። በአየር ይቀዝቅዝና ይደገም። ዚንኩን ፍሙ ላይ አትጣሉት፤ ሲነድ የሚወጣው ነጭ ጭስ መርዛማ ነው።

የጎበጠ ካለ በቴምፐሩ ሙቀት ላይ ሳለ ሞርሳ ላይ ቀስ ብላችሁ ማቅናት ትችላላችሁ።

9. አራተኛውን ናሙና ፈትኑ

አራተኛውን ናሙና ከዋናው ዕቃ ጋር አብራችሁ ማጋል፣ መንከርና ቴምፐር ማድረግ ነበረባችሁ። አሁን ሞርሳ ላይ እሰሩና በመዶሻ ደጋግማችሁ ምቱት። በ420 የታከመ ከሆነ መዶሻውን ያነጥረዋል፤ ብትበረቱበት ጎብጦ ይቀራል እንጂ በአንድ ምት አይሰበርም። ከተሰበረ ዋናው ዕቃም ይሰበራል። ስብራቱን እዩ፦ ሻካራ እህል ካለው ሲጋል ሙቀት በዝቶበታል፤ ደቃቅ ከሆነ ቴምፐሩ አንሷል። ቴምፐር ማነሱ ቀላል ነው፤ ከፍ አድርጋችሁ ትደግሙታላችሁ።

በብዛት የሚታዩ ስህተቶች

*ጠንክሮ እንዳይተጣጠፍ መጠበቅ።* «አጠነከርኩት፣ ግን አሁንም ይረግባል» የሚል አለ። የብረት አልታጠፍ ባይነት በሙቀት አይለወጥም። የተነከረውም ያልተነከረውም ብረት በተመሳሳይ ጭነት እኩል ይረግባል። ልዩነቱ ጭነቱ ሲነሳ ነው፦ የታከመው ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ያልታከመው ጎብጦ ይቀራል። እንዳይረግብ ከፈለጋችሁ ውፍረት ጨምሩ።

*ከቴምፐር በኋላ በግራይንደር ማጋል።* በ200 የታከመ ቢላዋ ስታሾሉት ስለቱ ሰማያዊ ካወጣ፣ ያ ቦታ 300 ደርሷል ማለት ነው፤ ጥንካሬው እዚያ ጠፍቷል። እየነካችሁ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ አቀዝቅዙ። በ420 የታከመ ዶማ ላይ የሚታይ ቀጭን ሰማያዊ መስመር ግን አይጎዳም፤ ከዚያ በላይ ሙቀት ቀምሷልና።

*ከታከመ በኋላ መበየድ።* ብየዳው አጠገብ ያለው ብረት በቅጽበት ይግልና ቀዝቃዛው ብረት ራሱ ይነክረዋል። በብየዳው ዳር ተሰባሪ መስመር ይፈጠራል። እጀታ መያዣ መበየድ ካለባችሁ ከሙቀት ሕክምናው በፊት በየዱ፤ ብረቱንም ከ200 እስከ 300 ዲግሪ አሙቃችሁ ጀምሩ፣ ከጨረሳችሁም በኋላ አመድ ውስጥ ቅበሩት።

*ስለቱን ብቻ ማጋል።* ለዶማ ጥሩ ዘዴ ሊሆን ይችላል፤ ጀርባው ለስላሳ ሆኖ ምት ይውጣል። ችግሩ የጋለው ካልጋለው የሚለይበትን መስመር ሹል ካደረጋችሁት ነው። ውጥረቱ እዚያ ይሰበሰባል። ሙቀቱ ቀስ እያለ እንዲቀንስ ዕቃውን ወደ ፍሙ እያስገባችሁና እያወጣችሁ አሙቁ።

*ያልተሳካውን ወዲያው መልሶ መንከር።* ሳይጠነክር የቀረውን ዕቃ አንስቶ በቀጥታ እንደገና ማጋልና መንከር የተለመደ ነው። ከመጀመሪያው መንከር የቀረው ውጥረት ላይ ሁለተኛው ሲጨመር ዕቃው ይሰነጠቃል። መሃል ላይ ኖርማላይዝ አድርጉት፤ ካደረጋችሁት በኋላም ከመንከራችሁ በፊት በላምባና በጠመኔ ስንጥቅ ፈልጉበት።